ከቁርጭምጭሚት በታች

ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነው። ፊቴን ያዩት ቆይተው ነው፤ እሱንም ብዙ ትኩረት ሳይሰጡት።

«ተልኬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ሦስት ቀን ዘግይተሻል» አሉኝ። «በይ ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»

ጫማዬን አወለቅኩ። በዚህ ከተማ ሰው ቤት የሚገባው በባዶ እግር ይሆናል ብዬ ነው። ሽማግሌው ቤቱን በጎን አልፈው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እንደ አውድማ በተስተካከለ ሰፊ መሬት ላይ እርጥብ የሸክላ አፈር ተነጥፏል። «ከዳር ጀምሪ፤ ወደ መሃል ዙሪ፤ ጠጠር ሲሰማሽ አውጥተሽ ጣይ» አሉኝና ሄዱ። እንግዳ የሚቀበሉት እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ገባሁበት። ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው።

የመጣሁት ጭቃ ልረግጥ አልነበረም። ታላቁን ትምህርት ቤት በጨረስኩ በዓመቱ፣ በዋናው ከተማ ያለው መዝገብ ቤት እንስራ እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌ እንድመለስ ላከኝ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዬ ደግሞ ከጫማዬ ጋር በሩ ላይ ቀርቷል። ሥራው ሲያበቃ ልናገር አፌን ስከፍት ምግብ ቀረበ። ሰው እያበላኝ «ተሳስተዋል» ማለት ደግ አልመሰለኝም። በማግስቱ ሽማግሌው፣ ጋሽ ወልደየስ ይባላሉ፣ ለጎረቤታቸው «እግሯ ቀጭን ነው፤ ግን አታወራም» ብለው ሲያመሰግኑኝ ሰማሁ። ከዚያ በኋላማ በምን አፌ ልናገር። ሦስት ቀን ረገጥኩ።

በአራተኛው ቀን ከእህታቸው መንደር የተላከችው እውነተኛዋ ረጋጭ ደረሰች። ባቷ የእኔን ሁለት እጥፍ ይሆናል። ጋሽ ወልደየስ እሷን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ «አንቺስ ማነሽ?» አሉኝ። ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁን በድንገት አቆሙት።

«ወይ ጉድ» አሉ። «ረግጠሻል እኮ።»

ነገሩ ለምን እንዳስደነገጣቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። በዚያች ከተማ አንድ እንስራ በስድስት ቤት ያልፋል። ረጋጮች ጭቃውን ያለሰልሳሉ። የመቀመጫ ቤት ሰዎች መቀመጫውን ይሠራሉ፤ የሆድ ቤት ሰዎች ሆዱን ያሳድጋሉ፤ የአንገት ቤት አንገቱን ይቀጥላል፤ የጆሮ ቤት ጆሮዎቹን ይለጥፋል፤ የእሳት ቤት ያቃጥላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድርሻ ብቻ ያውቃል። የሌላውን ድርሻ ማወቅ የሰው ጓዳ ገብቶ ድስት እንደ መክፈት ያለ ነውር ነው። ልጅ የሚወርሰው የእናት የአባቱን ድርሻ ነው። ሲያገባ ወይ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል ወይ እሷ ወደ እሱ ትገባለች፤ የገባው ሰው ግን ለሰባት ዓመት ውሃ ከመቅዳት በቀር ምንም አይነካም፤ እጁ የቀድሞውን እንዲረሳ ነው።

ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ በየቤቱ ጠይቄ ነበር። በመቀመጫ ቤት የተነገረኝ፣ ከተማዋን ያቀኑት ስድስት ወንድማማቾች ተጣልተው አንዱ የሌላውን ሥራ ላለማየት ተማምለው ነው የሚል ነው። በሆድ ቤት ደግሞ ስድስት እህትማማቾች ነበሩ፤ በጣም ስለሚዋደዱ አንዷ ያለሌላዋ እንዳትኖር ሥራውን ቆራርሰው ተካፈሉት ይላሉ። የእሳት ቤት ሰዎች፣ አንድ ሰነፍ ሰውዬ ስድስት ሚስት ነበረው ብለው ያሳጥሩታል። ሦስቱንም ጽፌአለሁ።

እንግዲህ እኔ ጭቃ ረግጫለሁ። የረገጠ ሰው የረጋጮች ቤት ነው። የረጋጮች ቤት ሰው ደግሞ ሌላ ቤት ገብቶ ሥራ አያይም። ነገሩ ወደ ሊቀ ድርሻ ሄደ።

ሊቀ ድርሻ አምሃ ድርሻ ከድርሻ እንዳይቀላቀል የሚጠብቁ ሹም ናቸው። ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ አውራ ጣታቸው ሁልጊዜ ቀለም የነካው ሰው ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አሰቡበት። በሸንበቆ እግሬን ለኩ። ጭቃው እስከ የት እንደደረሰ ጋሽ ወልደየስን በመሐላ ጠየቁ። በመጨረሻ ፍርዱን ቆመው አነበቡት፤ «ይህች ልጅ ከቁርጭምጭሚቷ በታች የረጋጮች ቤት ናት። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የመዝገብ ቤት ናት። ሁለቱ እንዳይደባለቁ ይጠበቅ።» ድንበሩ እንዲታወቅ በሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቼ ላይ ቀይ ክር ታሰረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ከወገቤ በላይ ወደ ውስጥ እዞራለሁ፤ እግሬ ደጅ ይቀራል። ከውስጥ ያሉት «ጸሐፊዋ» ይሉኛል። መንገድ ላይ የሚያልፉት እግሬን ተራምደው ሲሄዱ «እንዴት ዋልሽ፣ ረጋጭ?» ይሉኛል። ለሁለቱም ደህና እላለሁ። ዝናብ ሲጥል መዝገቡ አይረጥብም፤ እግሬ ብቻ ይረጥባል። ሥርዓቱ ለዚሁ የተበጀ ይመስል ነበር።

ወደ አንገት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ስደርስ ግን ማለፊያ አልነበረም። አንገት የሌላቸው እንስራዎች ከግቢው ሞልተው ፈስሰው መንገዱን ዘግተውታል። ዶሮዎች ገብተው እንቁላል ይጥሉባቸዋል። አንዲት ድመት በአንደኛው ወልዳለች። ሊቀ ድርሻው «የሚጠባበቁ ሆዶች ጠባቂ» የሚባል ሹመት ፈጥረው አንድ ሰው ሾመውበታል፤ ሰውየውም ከሆዶቹ ትልቁ ውስጥ ገብቶ ይተኛል።

እትዬ ዘርትሁን የአንገት ቤት የመጨረሻ ሰው ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ወገባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ደፋቸው ላይ እንደተቀመጥኩ እግሬን አይተው «ስለ አንቺ ሰምቻለሁ። ከሁለት የተቆረጥሽው ነሽ» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ አይደለም፤ ወንፊት እንደያዘ ሰው ነው።

«ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው» አሉ። «አንድ አንገት በሁለት ቀን ነው የሚያልቅልኝ። ድሮ በቀን ስምንት እሠራ ነበር።»

የቀለበት ቀን ሠላሳ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። በቀለበት ቀን፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የዓመቱ አዲስ እንስራዎች በሸክላው ኮረብታ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ይደረደራሉ። ቀለበቱ የሚዘጋው በመቶ አርባ እንስራ ነው። ክፍተት ከቀረ፣ ክፍተቱ በየትኛው ቤት ድርሻ እንደመጣ ይታያል። የዚያ ቤት በር በጭቃ ይመረጋል፤ ሰዎቹም «ይፈታሉ»። መፈታት ማለት ድንጋያማው ኮረብታ ላይ ወዳለው የእፎይታ ቤት መሄድ ነው። እዚያ ምግብ አለ፤ አልጋ አለ፤ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ የሚል ሰው ተመድቧል። ጭቃ ብቻ የለም።

«ጥሩ ቦታ ነው አሉ» አሉኝ እትዬ ዘርትሁን። «ፍራሹ የጥጥ ነው አሉ። እኔ ግን ጭቃ በሌለበት ይህን እጄን ምን ላድርገው? እዚህ ሲንቀጠቀጥ ቢያንስ የሚይዘው ነገር አለ።»

ይህን ያሉት ሳያማርሩ ነው። ስለ ጎረቤት ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። ያለቁት አንገቶች ሃያ ሁለት ነበሩ።

ወራሽ አልተፈለገም አይባልም። ሥርዓቱ ለአንገት ቤት በማደጎ የሚገባ ሰው የየትኛውንም ቤት ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ይሁን ይላል። አራት ወር በሚዘንብበት ከተማ ጭቃ ያልነካ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ሊቀ ድርሻው ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞረው ያገኙት አንዲት የሁለት ቀን ጨቅላ ብቻ ነው። እሷም እንዳትቸኩል ተባለ። በጎን ደግሞ ለክፉም ለደጉም ብለው አንድ አዋጅ አርቅቀው አስቀምጠዋል፤ «ከመጪው ዓመት ጀምሮ እንስራ ማለት ሆድ ያለው ማለት ነው» ይላል። ለሙከራ ጥቂት ሴቶች አንገት በሌለው እንስራ ውሃ ቀድተው መጡ። ግማሹ ጀርባቸው ላይ ፈሰሰ። ሊቀ ድርሻው በመዝገባቸው ላይ «መንገዱ አቧራ እንዳይኖረው ረድቷል» ብለው ጻፉ።

እኔም ጽሑፌን ቀጠልኩ። እትዬ ዘርትሁን ማሳየት ሲያቅታቸው ይነግሩኛል። አንገት የሚቀጠለው ሆዱ እርጥብ ሳለ አይደለም፤ ደርቆም አይደለም። ጥላ ውስጥ ተቀምጦ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይጎደጎድ፣ በጥፍር ሲነኩት ግን የሚጫር መሆን አለበት። የሚቀጠልበት ጫፍ ጫር ጫር ይደረጋል፤ በውሃ በላላ ጭቃ ይቀባል፤ ውስጡ በሁለት ጣት ይደገፋል። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ያስነብቡኝ ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን አንድ ሌላ ነገር ገጠመኝ።

የመቀመጫ ቤቱ ሽማግሌ አያ ደባልቄ አንድ ቀን ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አዩና ከእህል ጎተራው ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። «አንዲት ነገር ላሳይሽ። አትጻፊያት» አሉኝ። ጨርቁን ሲፈቱት ክንድ የማትሞላ እንስራ ናት። መቀመጫ አላት፤ ሆድ አላት፤ አንገት አላት፤ ሁለት ጆሮ አላት። ብቻቸውን ነው የሠሯት። በልጅነታቸው፣ አንድ ክረምት ሰው ሁሉ ኮረብታ ሲወጣ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ይሠራሉ፤ ይሰብሩታል፤ ይቺን ግን መስበር አልሆነላቸውም። ፊታቸው እንደ ልጅ ቀላ። «በዚህ ከተማ እንዲህ ዓይነት ነውረኛ እኔ ብቻ ነኝ» አሉኝ። እንዳልናገር ቃል አስገቡኝ።

በሳምንቱ የሆድ ቤቷ እንጉዳይ ጠራችኝ። ሳቂታ፣ ወሬ የምትወድ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚበልጥ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ከአልጋዋ ሥር ያወጣችው እንስራ አንገቱ ረጅም ነው፤ በጣም ረጅም። ሆድ ሲሠሩ መኖር ሲሰለቻት አንገቱ ላይ ሳታስበው እንደቆየች ነገረችኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነኝ በይኝ? በከተማው ማንም ያላደረገውን።» ቃል አስገባችኝ።

ከዚያ የጆሮ ቤቱ ሰውዬ። ከዚያ የእሳት ቤት ባልና ሚስት፤ ለየብቻ፣ አንዱ ለሌላው እንዳልነግር። ጋሽ ወልደየስ ሳይቀሩ፣ እግሬን ታጥቤ ስገባ ጠብቀው፣ ከኮርቻ ሥር ያስቀመጧትን አሳዩኝ፤ አንድ ጆሮዋ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ስለ እሱ ይቅርታ ጠየቁኝ። ለምን ለእኔ እንደሚያሳዩኝ አላውቅም። ምናልባት ግማሽ የየትም ስላልሆንኩ፣ ግማሽ ምስጢር ብቻ የሚያወጡ መስሏቸው ይሆናል። ሌሎችም ተከተሉ፤ የቀለበት ቀን ሃያ ቀን ሲቀረው ዐሥራ አንድ ሰው ዐሥራ አንድ ቃል አስገብቶኝ ነበር፤ ዐሥራ አንዱም ከከተማው ብቸኛው ነውረኛ ነው። እትዬ ዘርትሁን በዚያን ቀን ሠላሳኛውን አንገት እየጨረሱ ነበር።

ቃል ቃል ነው፤ አልተናገርኩም። ደግሞም ብናገር የማወራው ቀስ ብዬ ስለሆነ ብዙ ሰው አይሰማኝም። ግን እንቅልፌ ቀነሰ። እትዬ ዘርትሁን ዕቃቸውን በሁለት ሣጥን መክተት ጀምረዋል። ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ምንም ልብስ አላየሁም፤ በደረቅ ጭቃ ሞልተውታል።

መዝገብ ከመታተሙ በፊት በአደባባይ መነበብ አለበት። ይህ የዋናው ከተማ ሕግ ነው፤ ያቺ ከተማም ተቀብላዋለች፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምራበታለች። የአንድ ቤት ድርሻ ሲነበብ ማረም የሚችለው የዚያ ቤት ሰው ብቻ ነው። ሌላው እንደ ሩቅ አገር ወሬ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

የቀለበት ቀን ዐሥራ ስድስት ቀን ሲቀረው ኮረብታው ሥር ተሰበሰብን። ሕዝቡ በየቤቱ ተቀመጠ። ሊቀ ድርሻው ከፍ ባለው ወንበር ላይ ናቸው። እትዬ ዘርትሁን ብቻቸውን አንድ ሰፊ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምንጣፉ ለአንድ ሙሉ ቤት ሰው የተዘጋጀ ነው። በር የሚመርጉት ግንበኞች ከኋላ ጭቃቸውን እያቦኩ ነበር፤ ሥራ አስቀድሞ መጀመር ይወዳሉ።

የረጋጮችን ድርሻ አነበብኩ። ጋሽ ወልደየስ ተነስተው «ረጋጭ አያወራም የሚለው ይጨመርበት» አሉ፤ ተጨመረ። የመቀመጫውን አነበብኩ፤ አያ ደባልቄ አንድ ቃል አቃኑ። የሆዱን አነበብኩ። ከዚያ የአንገቱን።

«አንገት የሚቀጠለው» ብዬ አነበብኩ፤ «ሆዱ ገና እርጥብ ሳለ፣ በተሠራበት ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ነው።»

እትዬ ዘርትሁን ቀና ብለው አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት።

ከእሳት ቤት ሰዎች መካከል አንድ ድምፅ በዝግታ «ይወድቃላ» አለ።

«እርጥብ ላይማ እንዴት ይሆናል?» አሉ አያ ደባልቄ ለጎረቤታቸው፤ ሹክ ያሉ መስሏቸው ነው። «ጥፍር እስኪጭረው ይቆያል እንጂ።»

«ጥላ ውስጥ ነው» አለች እንጉዳይ። «ፀሐይ ላይ ከዋለማ ይሰነጠቃል።»

«ውስጡን በሁለት ጣት መደገፍም ቀርቷል» አለ የጆሮ ቤቱ ሰውዬ።

«ሦስት ጣት» አለ አንዱ። «ሁለት ነው» አለች ሌላዋ። አደባባዩ ሁሉ መነጋገር ጀመረ። ከሁሉም በላይ የተሰማው ግን ከከፍታው ወንበር የመጣው ድምፅ ነው።

«ጫፉ ጫር ጫር ሳይደረግ፣ በላላ ጭቃ ሳይቀባ ምኑ ይዞት ይቆማል?» አሉ ሊቀ ድርሻ አምሃ። ቆመዋል። «እንዲህ ያለ ስህተት በመዝገብ ላይ—»

እዚያ ላይ አቆሙ። ሁሉም አቆመ። አንዲት ዶሮ ከሚጠባበቁት ሆዶች ከአንዱ ወጥታ አደባባዩን ስታቋርጥ የእግሯ ኮቴ ይሰማ ነበር። ሰው ሁሉ የራሱን እጅ ያያል። በሕይወቴ ያን ያህል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ፊቱ ሲቀላ አይቼ አላውቅም።

ያን መስመር ሆን ብዬ አሳስቼ አንብቤው እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ዓይኔ ደህና ነው፤ የእጅ ጽሑፌም ይነበባል። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

መጀመሪያ የተነሱት እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ምንጣፋቸው መሃል ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሊቀ ድርሻ» አሉ፤ «አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህች ልጅ ከቁርጭምጭሚቷ በታች የማን ናት?»

«የረጋጮች ቤት» አሉ ሊቀ ድርሻው። ድምፃቸው ደክሟል።

«ለምን?»

«እግሯ የረጋጮችን ሥራ ስላወቀ።»

«እንግዲያው» አሉ እትዬ ዘርትሁን፤ «የእነዚህ ሰዎች እጅ የማንን ሥራ ነው የሚያውቀው?»

ሊቀ ድርሻው የራሳቸውን ፍርድ ከመዝገባቸው አውጥተው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። አገላብጠው ከጀርባው የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነ አዩ። ምንም አልነበረም።

«እኔ ነውር አላልኩም» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «ሃምሳ ዓመት በሬን ከፍቼ ነው የሠራሁት። ያለፈ አየ። ዓይን ምን ያድርግ? ልጅ አልወለድሽም እያላችሁ ስታዝኑልኝ ኖራችኋል፤ ለካ ከእጅ አንጓ በታች አገር ሙሉ ወልጃለሁ። እጆቼን መልሱልኝ። ሌላውን አካላችሁን አልፈልገውም፤ በየቤታችሁ አስቀምጡት።»

የሳቀ ሰው ነበር፤ ማን እንደጀመረው አልታወቀም። ጋሽ ወልደየስ ይመስሉኛል። ከዚያ ሳቁ ከቤት ወደ ቤት ሄደ፤ ግንበኞቹ ጋ ሲደርስ አካፋቸውን አስቀመጡ። ሊቀ ድርሻ አምሃ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ብዕራቸውን ነክረው፣ ቆመው ጻፉ፤ ጮክ ብለውም አነበቡት። «የዚህ ከተማ ሰው ከእጅ አንጓው በታች የአንገት ቤት ነው። ከእጅ አንጓው በላይ በየቤቱ ነው። ሁለቱ እንዳይደባለቁ ይጠበቅ።»

በማግስቱ ከተማው ውስጥ ቀይ ክር ጠፋ። ሰው የቀሚሱን ጥለት እየተረተረ የእጅ አንጓው ላይ አሰረ። በአንገት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከሆዶቹ መካከል ዶሮዎቹ እየተባረሩ፣ ሕዝቡ ተደርድሮ ተቀመጠ። እትዬ ዘርትሁን በትር ይዘው በመሃል ይመላለሳሉ፤ በትሩ ሲንቀጠቀጥ የተቆጡ ይመስላል፤ አልፎ አልፎም ተቆጥተዋል። የእንጉዳይን ሲያዩ «ይሄ ምን ሊሰማ ነው የሚንጠራራው? ቁረጪው» አሏት። እንጉዳይ ግማሹን ቆርጣ፣ እሳቸው ዞር ሲሉ ሩብ ያህሉን መልሳ ቀጠለችው። የአያ ደባልቄ አንገት ደግሞ አጭርና ወፍራም ሆነ፤ «ሃምሳ ዓመት መቀመጫ የሠራ ሰው አንገቱንም አስቀመጠው» ተባሉ። የእሳት ቤት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሰርቆ እያየ፣ ሳይነጋገሩ ሦስት ሠሩ።

ሊቀ ድርሻው የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። «ለቁጥጥር ነው» አሉ። እትዬ ዘርትሁን የእጅጌያቸውን ጫፍ አዩ። ክሩ ከሥሩ ታስሯል።

«የሊቀ ድርሻ ቤት ሰው ወደ ሥራ ቤት አይገባም» አሏቸው። «እጅዎ ግን የእኔ ነው፤ እሱ ይግባ።»

ሊቀ ድርሻው ፍርዱን ማክበር ግድ ነበረባቸው። ደጅ ተቀምጠው እጃቸውን በደፉ ላይ አሳልፈው ወደ ውስጥ ዘረጉ፤ ጭቃ ተሰጣቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ እንደ ሁልጊዜው እግሬ ውጭ፣ እጄ ውስጥ። እንዲህ ጎን ለጎን አራት ቀን ዋልን። ብዙ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይናቸውን ከጭቃው ሳያነሱ፣ «የእኔ መሳቢያ ውስጥ ናት። የብዕር ማስቀመጫ ናት እያልኩ ነው» አሉኝ። ዐሥራ ሁለተኛውን ቃል ሳያስገቡኝ ቀሩ።

የቀለበት ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እንስራዎቹ በኮረብታው ዙሪያ ተደረደሩ። እንደዚያ ዓመት ዓይነት ቀለበት ታይቶ አያውቅም ይላሉ። ድሮ አንገቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። አሁን ረጅም አለ፤ አጭር አለ፤ ወደ ጎረቤቱ ያዘነበለ አለ፤ አንዱ ሊያስነጥሰው የመጣ ይመስላል። ሰው የራሱን ከሩቅ ያውቀዋል፤ እንዳላወቀ ሆኖ አጠገቡ ይቆማል። ሊቀ ድርሻው እየዞሩ ቆጥረው ሲጨርሱ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። በምዕራብ በኩል የአንድ እንስራ ቦታ ክፍት ቀረ። በሌላ ቀን ቢሆን ከየቤቱ አንድ አሮጌ ማምጣት ይቻል ነበር፤ በቀለበት ቀን ግን በዚያ ዓመት ከእሳት ያልወጣ አይቆጠርም።

እትዬ ዘርትሁን ከቤታቸው ወጡ። ግቢያቸው በሕዝብ በሞላባቸው ቀናት ሁሉ፣ ሌላውን እየተቆጡ፣ እሳቸው በመሃል በመሃል የአንድ እንስራ አንገት ይሠሩ ነበር። ማንም አላስተዋለም። ጋሽ ወልደየስ ከኋላ እንዳይወድቅ እየደገፉላቸው ያን እንስራ አዝለው መጡ፤ ከእሳት ቤት ከወጣ ብዙም ስላልቆየ ገና ይሞቃል። አንገቱ ቀጥ ያለ አልነበረም። የሚንቀጠቀጥ እጅ የሠራው ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ደቃቅ ሞገድ ሞገድ ያለው ነው፤ ነፋስ የነካው ውሃ ይመስላል። ክፍተቱ ላይ አስቀመጡት፤ ልክ ገባ።

«እንዲህ ያለ አንገት ሌላ ሰው አይሠራም» አለች እንጉዳይ። ለመሞከር እጇ ሲያሳክካት አየሁ።

የእንስራ አሠራር መዝገብ ታትሞ ወደ ዋናው ከተማ ሄዷል። በአንገት ቤት ምዕራፍ ላይ አንድ መስመር ተሰርዟል፤ ከጎኑ «በሕዝብ ታርሟል» የሚል ማስታወሻ አለው። ከመሄዴ በፊት ጋሽ ወልደየስ ጫማዬን አጥበው መለሱልኝ፤ የቁርጭምጭሚቴን ክር ግን ሊበጥሱት አልፈቀዱም፤ ፍርድ ነው አሉ። አሁንም አለ። ሁለቱ ሣጥኖች ተፈቱ፤ በአንዱ ውስጥ የነበረው ጭቃ ውሃ ተደርጎበት ለሥራ ዋለ።

ከቀለበት ቀን ማግስት ግንበኞቹ በሩን ሊመርጉበት ያቦኩትን ጭቃ ይዘው ወደ አንገት ቤት መጡ፤ ጭቃው ከሚበላሽ ብለውም በግቢው ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ በር አወጡለት።